ጥንቸልና ጊኒ ፒግ ደባል እንኳ አይሆኑም!

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልጀምር፡፡ ጥንቸልና ጊኒ ፒግን አንድ ጎጆ ውስጥ ከትቶ «ጓደኛሞች ናቸው» ማለት ውሸት ነው፡፡ ከሁለቱ አንዷ የወለደች ዕለት ደግሞ ውሸቱ ጭካኔ ይሆናል፡፡ «ኧረ አታጋን!» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፡፡ እሱም ይታገሠኝና እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ከዚያ በኋላ ይፍረድ፡፡

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንነጋገር፡፡ እንግሊዝ አገር ጥንቸልና ጊኒ ፒግን በአንድ የእንጨት ጎጆ ማኖር የቆየ ልማድ ነው፡፡ ስሌቱ ሲሰሙት ብልህነት ይመስላል፡፡ ጥንቸል ብቻዋን ስትሆን ይከፋታል፡፡ ሁለተኛ ጥንቸል ከገባ ወይ ይራባሉ ወይ ይጣላሉ፡፡ ማኮላሸት ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ ምን ይደረግ? ትንሽ፣ ርካሽ፣ ከጥንቸል የማይዋለድ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ፍጡር ይፈለግ፡፡ ጊኒ ፒግ ተገኘ! እንግዲህ «ጓደኝነት» የተባለው ነገር የተወለደው ከዚህ የሒሳብ ወረቀት ነው፡፡ ሁለቱን ማንም አልጠየቃቸውም፡፡

ይህን ልማድ የእኛም ሰው ወርሶታል፡፡ ለንደንም ሆነ ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልምም ሆነ ዙሪክ ልጅ ያሳደገ አበሻ ታሪኩን ያውቀዋል፡፡ ልጅ «ውሻ ግዙልኝ» ይላል፡፡ አከራይ ውሻ አይፈቅድም፤ እናት ደግሞ ውሻ ቤት ውስጥ ሲገባ ማየት አትፈልግም፡፡ ሲጨቃጨቁ ከርመው ጥንቸል ላይ ይስማማሉ፡፡ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ብቻዋን እኮ አሳዘነችን» ተብሎ ጊኒ ፒግ ይጨመራል፡፡ አዲስ አበባ ደግሞ ግቢ ውስጥ ጥንቸል የሚያረባ የሰፈር ልጅ ብርቅ አይደለም፡፡ ጊኒ ፒግን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከቤተ ሙከራ ወሬ ጋር በስም ነው፡፡ ሁለቱ ተቃቅፈው የተነሱትን ፎቶ እያየ «እንዴት ደስ ይላሉ፣ አንድ ባገኝ!» የሚል ወጣት ግን እዚህም አለ፡፡ ጽሑፉ ለሁላችሁም ነው፡፡

ደባል የሚለውን ቃል የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ደባልነትን ማስረዳት አያስፈልገውም፡፡ አንድ ክፍል፣ መሃል ላይ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የማታውቀው ሰው ያስላል፡፡ ቢሆንም የሰው ደባል «ሬዲዮኑን ቀንስልኝ» ማለት ይችላል፡፡ ሲመረው ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል፡፡ ከጥንቸል ጋር የተዘጋበት ጊኒ ፒግ ግን የሚናገርበት ቋንቋም የሚወጣበት በርም የለውም፡፡ ለዚህ ነው ደባል እንኳ አይሆኑም የምለው፡፡

ዘመዳሞች አይደሉም

ሁለቱም ፀጉራም፣ ሁለቱም ሣር በል፣ ሁለቱም ዓይናቸው የሚያሳሳ ስለሆነ ዘመድ ይመስሉናል፡፡ ጊኒ ፒግ ከአይጥና ከጃርት ወገን ነው፡፡ ጥንቸል ግን ከዚያ ወገን የለችበትም፤ ሳይንሱ ለእሷና ለዘመዶቿ የተለየ ክፍል ሰጥቷቸዋል፡፡ የቤት ጥንቸል የመጣችው ስፔንና ፖርቱጋል ካሉበት የአውሮፓ ጥግ ነው፡፡ ጊኒ ፒግ ደግሞ ስሙ ቢያሳስትም ጊኒም አያውቅ፣ አሳማም አይደለ፡፡ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ናቸው፡፡ ፔሩና ቦሊቪያ ውስጥ ሰው ለሥጋው ሲያረባው ሺህ ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ በሁለቱ መሃል አንድ ሙሉ ውቅያኖስ አለ፡፡ ጎጆ ውስጥ ያገናኘናቸው እኛ ነን፡፡

ስለዚህ «ጥንቸሉ ጊኒ ፒጓን አስረገዛት» የሚባል ነገር የለም፡፡ አይዋለዱም፡፡ ጠዋት ተነስታችሁ ጎጆው ውስጥ ግልገል ካያችሁ ተአምር አትፈልጉ፡፡ ወይ ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ብሎ ያስረከባችሁ አንዱ ወንድ ነው፤ ወይ ደግሞ ሴቷ ከሱቅ ስትወጣ አርግዛ ነበር፡፡ ሁለተኛው የሚገርማችሁ ከሆነ ይህን ስሙ፡፡ ሴት ጊኒ ፒግ ከ4 ሳምንት ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ከ59 እስከ 72 ቀን ይቆያል፡፡ ሕፃን መስላችሁ የገዛችኋት እሷ እናት ልትሆን ሁለት ወር የቀራት ነበረች ማለት ነው፡፡

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፡፡ ጥንቸል እንቁላሏን የምትለቀው በግንኙነት ምክንያት ነው፡፡ ሌላ ሴት ጥንቸል እንኳ ብትወጣባት ሰውነቷ ተታልሎ የሐሰት እርግዝና ውስጥ ትገባለች፡፡ ከሁለት ሳምንት በላይ አለፍ ብሎ ፀጉሯን ነጭታ ጎጆ ትሠራለች፡፡ ልጅ ግን የለም፡፡ ባዶ ጎጆ አይተው «ጊኒ ፒጉ በልቷቸው ይሆን?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፡፡ አልበላም፡፡ ቢሆንም ያ ባዶ ጎጆ «እነዚህን ለያዩዋቸው» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፡፡

ሳይወልዱም ቢሆን

መውለዱ ገና ሳይመጣ አብሮ መኖሩ ራሱ አራት ችግር አለው፡፡ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው፡፡

አንደኛው ቋንቋ ነው፡፡ ጥንቸል ስትወዳችሁ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ «ላሱኝ» ትላለች፡፡ ጊኒ ፒግ ይህን አያውቅም፡፡ ጊኒ ፒግ በድምፅ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ያፏጫል፣ ያንጎራጉራል፣ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል፡፡ ጥንቸል ደግሞ ዝምተኛ ናት፤ ስትፈራ የኋላ እግሯን መሬት ላይ ትመታለች እንጂ ወሬ አታበዛም፡፡ አንዱ ቀኑን ሙሉ ይጣራል፤ ሌላዋ አትመልስም፡፡ ይኼ ጓደኝነት ከሆነ እኔና የሰፈራችን የመብራት ምሰሶም ጓደኛሞች ነን፡፡

ሁለተኛው እርግጫ ነው፡፡ ጊኒ ፒግ ቢበዛ አንድ ኪሎ ከምናምን ይመዝናል፡፡ ጥንቸል እንደ ዝርያዋ አራትና አምስት ኪሎ ትደርሳለች፡፡ የኋላ እግሯ የተሠራው ለመፈናጠር ነው፡፡ ክፉ ባትሆንም፣ ደንግጣ አንድ ጊዜ ብትፈናጠር የጊኒ ፒግ አጥንት ሊሰበር ይችላል፡፡ ያልተኮላሸ ወንድ ጥንቸል ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲወጣበት ይውላል፡፡

ሦስተኛው በሽታ ነው፡፡ ቦርዴቴላ ብሮንኪሴፕቲካ የሚባል ባክቴሪያ አለ፡፡ ብዙ ጥንቸሎች ምንም ሳይታመሙ ተሸክመውት ይኖራሉ፡፡ ጊኒ ፒግ ላይ ሲደርስ ግን ገዳይ የሳንባ ምች ይሆናል፤ እርጉዟን ደግሞ እስከ ማስወረድ ያደርሳታል፡፡ ጤነኛ የምትመስለዋ ጥንቸል በደህና ቀን፣ ማንንም ሳትነክስ፣ በትንፋሿ ብቻ ደባሏን ልትገድለው ትችላለች፡፡

አራተኛው ምግብ ነው፡፡ ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ መሥራት አይችልም፡፡ ሁለት ኖርዌያውያን፣ አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 የስከርቪን በሽታ ምንነት ለመረዳት የቻሉት ጊኒ ፒግ ላይ እንደ እኛ ስለሚከሰት ነበር፡፡ ጥንቸል ግን ቫይታሚኑን ራሷ ታመርታለች፤ ለእሷ የሚሸጠው መኖም ለጊኒ ፒግ የሚበቃ ቫይታሚን የለውም፡፡ ከአንድ ሳህን አብልታችሁ «ሁለቱም ጠግበዋል» ስትሉ አንደኛው ሆዱ ሞልቶ ድዱ እየደማ ሊሆን ይችላል፡፡

ሁለት እናቶች፣ ሁለት ዓለም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፡፡ አንዷ ወለደች፡፡

ጥንቸል መሬት ቆፍራ የምትኖር እንስሳ ናት፡፡ ልጆቿን የምትደብቅበት ጎሬ ስላላት ቶሎ ትወልዳቸዋለች፤ እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ሲወለዱ ዕርቃናቸውን፣ ዓይናቸው የተዘጋ፣ ከትል ብዙም የማይሻሉ ናቸው፡፡ ዓይናቸው የሚገለጠው በ10 ቀን አካባቢ ነው፡፡ እስከዚያ ድረስ በሕይወት የሚያቆያቸው እናቲቱ ከራሷ ሆድ ነጭታ ያነጠፈችው ፀጉርና እርስ በርስ መተቃቀፋቸው ነው፡፡ ከጎጆው የወጣ ግልገል ይበርደዋል፤ የበረደው ይሞታል፡፡

ጊኒ ፒግ ደግሞ መሬት አይቆፍርም፡፡ የዱር ዘመዶቹ በረጅም ሣር ውስጥ እየተሹለከለኩ የሚኖሩ ናቸው፡፡ መደበቂያ የሌለው እንስሳ ሮጦ ማምለጥ የማይችል ልጅ ቢወልድ ለአሞራ ቀለብ ነው፡፡ ስለዚህ ጊኒ ፒግ ልጆቿን ከሁለት ወር በላይ ተሸክማ ትወልዳለች፡፡ ሲወለዱ ፀጉር አላቸው፣ ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ጥርስ አላቸው፡፡ በሰዓታት ውስጥ ይሮጣሉ፤ በቀናት ውስጥ ድርቆሽ ይቀማምሳሉ፡፡ እናቲቱ ጎጆ አትሠራም፤ አያስፈልጋትም፡፡

እስቲ እነዚህን ሁለት እናትነቶች አንድ ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው፡፡

የወለደችው ጥንቸሏ ናት እንበል፡፡ ጊኒ ፒግ ምን ይወዳል? ጨለማ፣ ጠባብ፣ ሞቃት መደበቂያ፡፡ ጎጆው ውስጥ ካለው ሁሉ ጨለማ፣ ጠባብና ሞቃት የሆነው የትኛው ነው? የጥንቸሏ መውለጃ! ስለዚህ ሰተት ብሎ ይገባል፡፡ አንድ ኪሎ የሚመዝን እንስሳ 50 ግራም በማይሞሉ ዕውር ሕፃናት ላይ ይራመዳል፡፡ ክፋት የለበትም፤ ቤት ያገኘ መስሎት ነው፡፡ እናቲቱ ግን እንዲህ አታየውም፡፡ ወትሮ ገራም የነበረች ጥንቸል ጎጆዋን ስትጠብቅ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ትነክሳለች፣ ትቧጭራለች፣ ትራገጣለች፡፡ በግርግሩ የሚረገጡት የራሷ ልጆች ናቸው፡፡ በመጨረሻ አንድ የተጎዳ ጊኒ ፒግና የተበተነ ጎጆ ይቀራል፡፡ ልጆቹም ማለቅሳቸው አይቀርም፡፡ ጥፋተኛው ማነው? ሁለቱም አይደሉም፡፡

አሁን ገልብጡት፡፡ የወለደችው ጊኒ ፒጓ ናት፡፡ ከ60 እስከ 100 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሦስት ግልገሎች በተወለዱ በሰዓታቸው ወለሉ ላይ ይሯሯጣሉ፡፡ አራት ኪሎ ጥንቸል ደግሞ በዚያው ወለል ላይ ትዘላለች፡፡ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም፡፡

«ጥንቸሏ እኮ ልታጠባቸው ትችል ይሆናል፤ እናት እናት ናት!» የሚልም ሰምቻለሁ፡፡ ወዳጄ፣ እናት እናት አይደለችም! ጥንቸል ልጆቿን የምታጠባው በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፡፡ አጥብታ ትሄዳለች፤ አውሬ ጎጆውን እንዳያገኝባት ሆን ብላ ትርቃለች፡፡ የጊኒ ፒግ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ እናቱን እየተከተለ፣ እየጮኸ፣ እየደጋገመ የሚጠባ ነው፡፡ ጥንቸሏን ተከትሎ ቢጮህ ምላሿ እርግጫ ነው፡፡

በዚያው ቀን

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ጉድ ደግሞ አለ፡፡ ሁለቱም እናቶች በወለዱበት ዕለት እንደገና ማርገዝ ይችላሉ፡፡ በሰዓታት ውስጥ፡፡ ወንዱ አጠገብ ካለ አይምራቸውም፡፡

ሒሳቡን አብረን እንሥራ፡፡ ጊኒ ፒጓ ዛሬ ወለደች፤ ዛሬውኑ አረገዘች፡፡ ከ68 ቀን ገደማ በኋላ ደግማ ትወልዳለች፡፡ እስከዚያው ግን የዛሬዎቹ ሴት ልጆቿ 4 ሳምንት አልፏቸው ከአባታቸው ወይም ከወንድሞቻቸው አርግዘዋል፤ ወንዶቹ ልጆች ከ3 ሳምንት ጀምሮ ማስረገዝ ይችላሉና፡፡ ጥንቸሏ ደግሞ የባሰች ናት፡፡ ዛሬ ካረገዘች ከወር በኋላ ሁለተኛ ዙር ይመጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ገና እግሯ ሥር እያሉ፡፡ «ሁለት እንስሳ ገዝተን» የጀመረ ቤት በአንድ ወቅት ውስጥ ሃያ ራስ ሊያስተዳድር ይችላል፡፡ «ከጥንቸል ጋር ስለማይዋለድ ርካሽ ነው» የተባለው ጊኒ ፒግ አሁን ስንት ወጣ?

«ግን እኮ...»

አሁን ደግሞ የተለመዱትን መከራከሪያዎች እንያቸው፡፡

«የእኛዎቹ ለዓመታት በሰላም ኖረዋል፡፡» ይኼ በጣም የምሰማው ነው፡፡ በሰላም ስትሉ ምን አያችሁ? «ጊኒ ፒጋችን ጥግ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፡፡» ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ለጊኒ ፒግ ግን ዝምታ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው፡፡ ሲፈራ አይታገልም፤ ደርቆ ይቀራል፡፡ ተጠግተው መተኛታቸውም ቢሆን ከብርድና ከብቸኝነት የሻለውን መምረጥ ነው፡፡ ሌላ ጊኒ ፒግ አቅርቡለትና ማንን እንደሚመርጥ እዩ፡፡

ይሁን እንጂ ነገሩን ላለማጣመም አንድ ነገር ልበል፡፡ ለዓመታት አብረው የቆዩ፣ የማይጣሉ፣ አንዱ ከሌላው በስተቀር ማንም የሌለው ጥንድ ካላችሁ ነገ ጠዋት ነጣጥላችሁ ለየብቻ አስቀምጧቸው አላልኩም፡፡ ብቸኝነትም ይጎዳል፡፡ ለእያንዳንዱ መጀመሪያ የራሱን ወገን ፈልጉለት፡፡ እስከዚያው ጥንቸሏ የማትገባበት ጠባብ በር ያለው መደበቂያና የተለየ የምግብ ሳህን ለጊኒ ፒጉ ስጡት፡፡ አንዷ ስትወልድ ግን ይህ ሁሉ ትዕግሥት ያበቃል፤ በዚያው ቀን መለያየት አለባቸው፡፡

«ቦታ የለንም፡፡» ቦታ ከሌላችሁ ሁለት ዓይነት እንስሳ ለምን ገዛችሁ? አንድ ዓይነት ምረጡ፡፡ ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎች፣ ወይም የተኮላሸ ወንድና ሴት ጥንቸል፡፡ ከአንድ ዓይነት ሁለቱ ከሁለት ዓይነት አንዳንዱ ይሻላሉ፡፡

«ልጆቹ ያዝናሉ፡፡» ልጅ የሚያዝነው እውነቱን ሲነገረው አይደለም፡፡ ልጅ የሚያዝነው ጠዋት ተነስቶ የሞተ ግልገል ሲያገኝ ነው፡፡ «ጥንቸሏ ልጆቿን ብቻዋን ማሳደግ ትፈልጋለች» ብትሉት የሰባት ዓመት ልጅ በደንብ ይገባዋል፡፡ የማይገባው ትልቁ ሰው ነው፡፡

«ሰው በተቸገረበት ዘመን ስለ ጥንቸል ትጽፋለህ?» ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል፡፡ መልሴ አጭር ነው፡፡ ጥንቸሏን ያመጣናት እኛ ነን፡፡ እሷ ከሰው ጉሮሮ አልነጠቀችም፡፡ ሽቦ ውስጥ የዘጋነው ፍጡር ውሃውም ምግቡም ጎረቤቱም እኛ የመረጥንለት ነው፡፡ በእጃችን ላይ ባለ ፍጡር ማዘን ለሰው ከማዘን አያጎድልም፡፡ ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከማይበሉት ስለሚቆጥር አብዛኛው የእኛ ሰው ሥጋዋን አይነካም፡፡ አንበላትም ማለት ግን እንደፈለግን እናደርጋታለን ማለት አይደለም፡፡

እሺ፣ ምን ይደረግ?

መናደድ ብቻ ዋጋ የለውም፡፡ ግልገል ያያችሁ ዕለት ይህን አድርጉ፡፡

ጥንቸሏ ከወለደች እሷንና ጎጆዋን አትንኩ፤ የሚወጣው ጊኒ ፒጉ ነው፡፡ ወንዱ ጥንቸልም አብሮ ይውጣ፤ ዛሬውኑ! ቢኮላሽ እንኳ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ማስረገዝ ስለሚችል ቶሎ አትመልሱት፡፡ እናቲቱ ከጎጆው ርቃ ብታዩዋት «ጥላቸው ሄደች» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ጥንቸል እንዲህ ናት፡፡ በቀን አንድ ጊዜ፣ እጃችሁን በእሷው ድርቆሽ አሽታችሁ፣ ግልገሎቹን እዩ፡፡ ሆዳቸው ክብ ከሆነና ከሞቃቸው ጠብተዋል፡፡ ቆዳቸው ከተጨማደደና ከቀዘቀዙ ወደ እንስሳት ሐኪም ደውሉ፤ የላም ወተት አትጋቱ፡፡ የሞተ ካለ አውጡ፡፡ ከእናታቸው ጋር እስከ 8 ሳምንት ይቆዩ፤ ከዚያ 12 ሳምንት ሳይሞላቸው ሴቱን ከወንዱ ለዩ፡፡

ጊኒ ፒጓ ከወለደች እሷንና ልጆቿን አንድ ላይ፣ ከለመዱት ድርቆሽ ጋር፣ ጥንቸል ወደማይደርስበት ቦታ ውሰዱ፡፡ ወንዱ ጊኒ ፒግ ለብቻው ይቀመጥ፡፡ ሌላ ሴት ጊኒ ፒግ ካለች ግን አብራት ብትቆይ ችግር የለውም፤ እነሱ አንዳቸው የሌላቸውን ልጅ እስከ ማጥባት ይደርሳሉ፡፡ (አያችሁ፣ ጓደኛ ማለት ይኼ ነው!) ትልቅ ጊኒ ፒግ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 10 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል፤ እርጉዟ ደግሞ እስከ 30 ሚሊግራም፡፡ ትልቁ የማያቃጥለው ቃሪያ ጥሩ ምንጭ ነው፡፡ ወንዶቹን ልጆች 3 ሳምንት ሲሞላቸው ለዩ፡፡ «ገና ሕፃን ናቸው» ብሎ ነገር የለም፡፡

ለሁለቱም የሚሆን አንድ ማሳሰቢያ፡- እርጉዝ ወይም አራስ እንስሳ ምግብ ካቆመች ነገ እናያለን አይባልም፡፡ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን አትስጡ፤ እንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት የሆዳቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ ሊገድላቸው ይችላል፡፡

ሻጩስ?

እስካሁን ገዢውን ብቻ ወቀስኩ፡፡ ትልቁ ጥያቄ ግን ለሻጩ ነው፡፡ አንድ የማውቀው ቤተሰብ «ሁለት ሴት ጊኒ ፒግ» ብሎ ገዝቶ ሁለት ወር ሳይሞላ አምስት ሆነውበታል፡፡ ሱቁ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ «ያጋጥማል» ነው፡፡ ያጋጥማል! ጫማ ቁጥሩ ሲሳሳት የሚቀይር ነጋዴ፣ የሸጠው እንስሳ ወንድ ይሁን ሴት ሳያውቅ «ያጋጥማል» ይላል፡፡

ሕጉ እኮ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የእንግሊዝና ዌልስ የእንስሳት ደህንነት ሕግ ባለቤት ሊያሟላቸው ከሚገቡ አምስት ነገሮች መካከል አንዱን በግልጽ አስቀምጦታል፤ እንስሳው ከሌሎች እንስሳት ጋር ወይም ከእነሱ ተለይቶ የመኖር ፍላጎቱ ይጠበቅለት ይላል፡፡ «ተለይቶ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፡፡ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ደንብ ደግሞ ጊኒ ፒግ ከመሰሎቹ ጋር እንጂ ብቻውን እንዳይኖር አዘዘች፡፡ ጥንቸል ከመሰሎቹ አትቆጠርም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1824 የተቋቋመው የእንግሊዙ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር አር.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ.ም ሁለቱን አንድ ላይ አታኑሩ ብሎ ይመክራል፡፡ እንግዲህ ጉዳዩ የእኔ የግል አመል አይደለም፡፡

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፡፡ ጾታውን ማን አረጋገጠ? ሴትና ወንዱን ስንት ሳምንት ላይ ለያችሁ? ብትወልድስ ትረከባላችሁ? መልስ የሌለው ሱቅ ገንዘባችሁ አይገባውም፤ ወጥታችሁ ሂዱ፡፡ ባለቤት አጥተው በመጠለያ የተቀመጡ፣ ጾታቸው የታወቀ፣ የተኮላሹ እንስሳት አሉ፤ እነሱን ውሰዱ፡፡

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ስላደግን አንድ ላይ መሆን ሁሉ ጥሩ ይመስለናል፡፡ ድሩ አንበሳ የሚያስረው ግን ድር ከድር ጋር ስላበረ ነው፡፡ ድርና ምስማር አብሮ ቢታሰር አንዱ ሌላውን ይበጥሳል፡፡ አሁን ስልካችሁን አስቀምጡና ጎጆውን እዩ፡፡ ሁለቱም በአንድ በር የሚገቡ ከሆነ፣ በተለይ የአንዷ ሆድ ገፋ ገፋ ካለ፣ ሁለተኛውን ጎጆ መፈለግ ያለባችሁ ከወለደች በኋላ አይደለም፡፡ ዛሬ ነው፡፡